አጥቂ ከየት ይመጣል?

የዚህ ምልልስ ተናጋሪዎች ሁለት ናቸው። አንዱ በሰቆጣ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሌላው በከተማዋ ታዳጊዎችን የሚያሠለጥን ወጣት። ሁለቱን ያገናኘኋቸው እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ ክርክሩ በአንድ አፍ ከሚነገር በሁለት አፍ ቢባል ይበልጥ ይጠራል ብዬ ነው። የሚጠቅሷቸው ሰዎች፣ ቀኖችና ውጤቶች ግን በታሪክ የተመዘገቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።

አሠልጣኙ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የኢትዮጵያ አጥቂ ሲባል ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠራው መንግሥቱ ወርቁን ነው። በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎል ያስቆጠረ፣ ስሙ ከዛምቢያው ካሉሻ ቡዋሊያና ከዛየሩ ንዳዬ ሙላምባ ጎን የሚሰፍር ሰው ነው። ታኅሣሥ 7 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲያርፍም እሱን የሚተካ አልተገኘም ነበር፤ ዛሬም አልተገኘም። እኔ ከዚህ የምረዳው እንዲህ ያለ ሰው በዘመን አንዴ እንደሚሰጥ ነው። ፈጣሪ ያልሰጠውን አሠልጣኝ ከየት ያመጣዋል? እኛ እዚህ ሰቆጣ ላይ የምንለፋውም ምናልባት እንዲያው ልጆቹ ከመጥፎ ቦታ እንዲርቁ ብቻ ይሆናል።

መምህሩ፦ ልጄ፣ መንግሥቱን ማክበርህ ደግ ነው፤ ግን ብቻውን አታቁመው። እስቲ ያን ቀን እንየው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነው፤ ጥምቀት ካለፈ ገና ሁለት ቀኑ። አዲስ አበባ፣ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ኢትዮጵያና ግብፅ ለሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ይጫወታሉ። የቀደሙትን ሁለቱን ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ናት። በዳዊ የሚባለው አጥቂያቸው በ35ኛው ደቂቃ አገባ። የእኛ ልጆች በ74ኛው አቻ አደረጉ፤ ደስታው ግን አንድ ደቂቃ አልቆየም፣ በ75ኛው በዳዊ ደገመ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው ደቂቃ ሦስተኛውን ጨመረ። መንግሥቱ አራተኛውን ያገባው በ117ኛው ደቂቃ ነው። 4 ለ 2። ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ ለሉቺያኖ አስረከቡ። እንግዲህ ቡድኑን ሁለት ጊዜ ከሽንፈት የመለሱት ሌሎች ናቸው፤ መንግሥቱ በሩን ዘጋው። ይህን የምልህ ላሳንሰው ብዬ አይደለም። ሁለቱ ወንድማማቾች የአሥመራ ልጆች ናቸው፤ መንግሥቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ሲሆን የአገሪቱ ሻምፒዮና ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ይካሄድ ነበር። በ1950ዎቹ ድሬዳዋ ላይ የጥጥ ፋብሪካው ቡድን ዋንጫ ደጋግሞ ይወስድ ነበር፤ የአሥመራ ቡድኖችም ያሸንፉ ነበር። መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1940 ተወልዶ ለአቅመ ኳስ ሲደርስ በየከተማው የሚገጥመው ጠንካራ ተከላካይ፣ የሚያሻማለት ጓደኛ፣ የሚወዳደረው አጥቂ ነበረው። የ1954ቱን ብሔራዊ ቡድን ከመሩት አንዱ ይድነቃቸው ተሰማም ራሳቸው ለዓመታት ለጊዮርጊስ በአጥቂነት የተጫወቱ ሰው ናቸው፤ ኋላም ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነዋል። አጥቂ የሰንሰለት የመጨረሻው ቀለበት ነው። ጎሉ የሚታየው በእሱ እግር ስለሆነ ሌላው ቀለበት ይረሳል።

አሠልጣኙ፦ ይህ ለኔም ይገባኛል። ነገር ግን ጋሼ፣ ያ ዋንጫ ራሱ ትንሽ ነበር እኮ። አራት አገር ብቻ ነው የተገኘው፤ እኛ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ዩጋንዳ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ከዚያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈች፤ በቃ፣ በሁለት ጨዋታ ዋንጫ። ያውም በገዛ ሜዳዋ። ዛሬ 24 አገር ይሰለፋል፤ ማጣሪያው ራሱ ወገብ ይሰብራል። የዚያን ዘመን 10 ጎል ከዛሬ ጎል ጋር እኩል መመዘን ይቻላል?

መምህሩ፦ ልክ ነህ፣ እኩል አይመዘንም። ይህን መደበቅ ለመንግሥቱም አይጠቅመውም። ግን ከ10ሩ ጎሎች የዚያ ዓመት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ ሰባቱን በሌሎች ዋንጫዎች ነው ያመጣቸው። በ1960 ዓ.ም. ስምንት አገሮች አዲስ አበባና አሥመራ ላይ ሲሰበሰቡም ኢትዮጵያ አራተኛ ወጥታለች። እኔ ደግሞ ለሙግቴ የሚበጀኝ ሌላ ማስረጃ አለኝ፤ የዋንጫ መጠን የማይነካው ማስረጃ። በ1974 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሊቢያ ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። አሠልጣኙ ማን ነበር? ራሱ መንግሥቱ ወርቁ። ጎል እንዴት እንደሚገባ በዚህች አገር ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን ካሸነፈችው ከአልጄሪያ ጋር ደግሞ 0 ለ 0 ወጣ። ሦስት ጨዋታ፣ አንድም ጎል የለም። አልጄሪያን ያህል ቡድን ባዶ ያስቀረ ተከላካይ ነበረ፤ የሚያገባ ግን ጠፋ። ጎል የአንድ ሰው ሀብት ቢሆን ኖሮ መንግሥቱ ለልጆቹ ባወረሳቸው ነበር። እውቀቱ ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ እያለ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነበር።

ከዚያ 31 ዓመት ጠበቅን። በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ተጫወትን። ሳላዲን ሰይድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት ግብ ጠባቂው አዳነበት፣ የእኛው ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ወጣ፣ በ10 ሰው ቀረን፤ አዳነ ግርማ ግን በ65ኛው ደቂቃ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። ቀኑን ታውቀዋለህ? ጥር 13 ነው። መንግሥቱ ግብፅ ላይ ካገባ ልክ 51 ዓመት፣ በዚያው ዕለት። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0። በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ውስጥ በተካሄደው ዋንጫ ደግሞ ዳዋ ሆቴሳ አንድ፣ ጌታነህ ከበደ በፍጹም ቅጣት ምት አንድ። ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ ያሉትን ሦስት ውድድሮች ደምራቸው፤ በዘጠኝ ጨዋታ ሦስት ጎል። ሳላዲን፣ አዳነና ጌታነህ ደካማ አጥቂዎች አልነበሩም። ሳላዲን እስከ ካይሮው አል አህሊ ድረስ የተጫወተ ልጅ ነው። ተሰጥኦ ጠፋ ብሎ ይህን ማስረዳት አይቻልም።

አሠልጣኙ፦ ታዲያ ከመንግሥቱ ጋር አብረው የተጫወቱት አጥቂዎችስ? ሊጉ አንድ፣ ሜዳው አንድ፣ ምግቡ አንድ። 10 ያገባው ግን እሱ ነው። እዚህ ላይ ፈጣሪ የሰጠው ነገር የለም ሊሉኝ ነው?

መምህሩ፦ አልልህም። በዚህ አሸንፈኸኛል፤ ሰንሰለት ብቻውን መንግሥቱን አይፈጥርም። ተሰጥኦ ያለው ልጅ በየዘመኑ፣ በየቀበሌው ይወለዳል፤ እዚሁ ዋግ ውስጥ ዝቋላም ደሃናም ጋዝጊብላም ይወለዳል። ከመቶ ልጆች የትኛው እንደሚልቅ የሚለየው ተሰጥኦው ነው። ያ ልጅ ለሜዳ መብቃቱ ግን በሌላ ነገር የተያዘ ነው፤ እኔ የምናገረው ስለዚያ ነው።

አሠልጣኙ፦ ሯጮቻችንስ? ከገጠር፣ ከድህነት፣ ያለ ሜዳ፣ ያለ ሊግ ወጥተው ዓለምን አሸነፉ። ልጆቹ ሁልጊዜ ይህን ነው የሚሉኝ። እሱ ለሩጫ ከሠራ ለኳስ ለምን አይሠራም?

መምህሩ፦ ያለ ምንም ነው የወጡት የሚለው ራሱ ተረት ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጠ እንጂ ባዶ እጁን አልሄደም። የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ የሚበላው፣ የሚተኛበት፣ ኦኒ ኒስካነን የሚባል አሠልጣኝም ነበረው። በቆጂም ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ከአንድ ትንሽ ከተማ የወጡት አየሩ ብቻ አውጥቷቸው አይደለም፤ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል መምህር በየጧቱ ሜዳ ላይ ይጠብቃቸው ስለነበር ነው። ከዚህ በላይ ግን ልዩነት አለ። ሯጭ ብቻውን ሊለማመድ ይችላል፤ መንገዱ እስካለ ይሮጣል። አጥቂ ብቻውን የሚለማመደው ነገር ጥቂት ነው። አስበው፤ ኳሷ ከክንፍ ተሻምታ በአየር ላይ ናት። የተከላካዩ ትከሻ ጎኑን ይገፋዋል። ግብ ጠባቂው ለመውጣት አንድ እርምጃ ጀምሮ ቆሟል። ልጁ በዓይን ጥቅሻ ውስጥ ልምታ፣ ልግጭ፣ ላብርድ ብሎ መወሰን አለበት። ይህን ለመማር የሚያሻማ፣ የሚገፋና የሚወጣ ሰው ያስፈልገዋል፤ ሦስቱም በየሳምንቱ።

አሠልጣኙ፦ የሚያሻማ ሲሉ ቁመት ትዝ አለኝ። የቼኩ ያን ኮለር 2 ሜትር ከ2 ሳንቲም ነው። ለአገሩ በ91 ጨዋታ 55 ጎል አገባ፤ የአገሩ ክብረ ወሰን ነው። እንዲህ ያለ ቁመት ካለህማ ማንም ቢያሻማልህ ታገባለህ። የእኛ ልጆች እዚህ ጋ ነው የሚያንሱት።

መምህሩ፦ ኮለርን ማንሣትህ ጥሩ ነው፤ እሱ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ያደገው ስሜታኖቫ ልሆታ በምትባል መንደር ነው። በልጅነቱ ግብ ጠባቂ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ለቦሩሲያ ዶርትሙንድ ሲጫወት የቡድኑ ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ቢወጣ ባየርን ሙኒክን የሚያህል ቡድን ፊት በሩ ላይ ቆመ፤ ጎልም አልገባበትም። ከመንደሩ ወደ ሚሌቭስኮ ሄደ፤ በፋብሪካ ስም የሚጠራ ቡድን ያላት ትንሽ ከተማ ናት። በ21 ዓመቱ ስፓርታ ፕራግ ገባ፣ ከዚያ በቤልጂየም ሎከረንና አንደርሌክት፣ ከዚያ ዶርትሙንድ። ጫማውን የሰቀለው እ.ኤ.አ. በ2011 ካን በተባለው የፈረንሳይ ክለብ ነው። መንደር፣ የፋብሪካ ቡድን፣ የዋና ከተማ ክለብ፣ ውጭ አገር፤ አንዱም ደረጃ አልጎደለም። በዚያ አገር ትንንሽ መንደሮች ሳይቀሩ ሜዳና ክለብ አላቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ከጎረቤት መንደር ጋር ይጋጠማሉ። ሲያድግም ፖቦርስኪና ኔድቬድ የሚያህሉ ሰዎች ያሻሙለት ነበር። ድሬዳዋ ላይ የጥጥ ፋብሪካው ሲሠራ የነበረው ሥራ ከሚሌቭስኮው ጋር አንድ ነው። እኛም ያን መንገድ ጀምረነው ነበር ማለት ነው።

ቁመትን በተመለከተ ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርህ፤ ነገሩ የዚህችው ከተማ ነው። አጭር መሆን ሌላ፣ መቀንጨር ሌላ። አጭር አጥቂ ዓለምን ሊያሸንፍ ይችላል፤ ማራዶናን አይተናል። የቀነጨረ ልጅ ግን ቁመቱ ብቻ አይደለም የቀረበት። በእናቱ ማኅፀንና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በቂ ምግብ ያላገኘ፣ ተቅማጥ የተመላለሰበት ልጅ አንጎሉም፣ ጡንቻውም፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙም ይጎዳል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የተጎዳውን መመለስ እጅግ ከባድ ነው። ቅድም ያልኩህ የዓይን ጥቅሻ ውሳኔ እዚያ ነው የሚጀምረው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕጻናት ላይ መቀንጨርን በ15 ዓመት ውስጥ ለማስቀረት ሲያውጅ ለሰነዱ የሰጠው ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው። ሥራውም በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተጀመረ። ይህች ከተማ በአገር ደረጃ ስሟ የተጻፈው በልጅ ዕድገት ላይ ነው። የአጥቂህ የመጀመሪያው ቀለበት ጤና ጣቢያ ነው፤ የእናቱ ማዕድና ንጹሕ ውኃ ነው። ይህን የሚይዘው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት፤ አንተ የምትረከበው ከእሷ ነው።

አሠልጣኙ፦ እንዲህ ከሆነ እኔ ከተረከብኩ በኋላ ያለውን ልንገርዎት፤ ይህን እኔ አውቀዋለሁ። ልጆቹ የሚጫወቱት በጨርቅ ኳስ ነው፤ ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቀው በሲባጎ ያስሯታል። ይህች ኳስ አትነጥርም። ስለዚህ ልጁ መሬት ለመሬት መግፋትን፣ በጠባብ ቦታ ማታለልን በደንብ ይማራል፤ በደረት ማብረድን፣ በግንባር መግጨትን፣ የነጠረች ኳስ መምታትን ግን አያውቅም። ሁለተኛ፣ ሜዳው ተዳፋት ነው፤ ጎሉ ሁለት ድንጋይ፣ ከኋላው ቁልቁለት። የልጆች ሕግ ደግሞ የመታ ያመጣል ነው። አንድ ልጅ አጥብቆ መትቶ ከሳተ ኳሷን ፍለጋ ገደል ይወርዳል፤ ጨዋታው ይቆማል፣ ጓደኞቹ ይቆጡታል። ሁለቴ ሦስቴ ከወረደ በኋላ መምታት ይተዋል። ጎል አጠገብ ደርሶ ያቀብላል፣ እንደገና ያቀብላል። ሰው ይህን ፍርሃት ይለዋል። ፍርሃት አይደለም፤ ከጎሉ ኋላ መረብ ስለሌለ ነው።

መምህሩ፦ ይህን ከአንተ ተማርኩ፤ እኔ ያልደረስኩበት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ግዢ ማሊያ መሆን የለበትም። የባሕር ዛፍ ቋሚና ከገመድ የተሠራ መረብ ይቅደም፤ እውነተኛ ኳስ ይከተል። ሦስተኛው ደግሞ ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም፤ የታወቀ ቀን ነው። የሻደይን በዓል ተመልከት። በዋግ ነሐሴ 16 ሲደርስ ልጃገረዶቹ ቅጠሉን ወገባቸው ላይ አስረው ይወጣሉ። ማን አስተማራቸው? ትልልቆቹ። ለምን ተማሩ? ቀኑ እንደማይቀር ስለሚያውቁ። ቀኑ ስለሚታወቅ ዝግጅት አለ፣ ዝግጅት ስላለ ታናሿ ከታላቋ ታያለች፣ ዜማውም እንቅስቃሴውም ሳይጻፍ ትውልድ ይሻገራል። የገና ጨዋታንም አስበው፤ ቀን አለው፣ መንደር ከመንደር ያጋጥማል፣ ግን በዓመት አንዴ ነው። ኳስ በዓመት አንዴ፣ በበዓል ዋንጫ ከሆነ ደስታ ይሰጣል፤ አጥቂ አይሰጥም። ከሰቆጣ ቀበሌዎች ሁለት ቡድኖች ቅዳሜ፣ ሁለት ቡድኖች እሑድ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አምደወርቅ፣ በሌላው አስከተማ። ዳኛ ይኑር፣ ያገባው ልጅ ስምና ደቂቃው በደብተር ይጻፍ። በ1954ቱ ፍጻሜ ጎሎቹ የገቡባቸውን ደቂቃዎች ዛሬ ቆጥሬ የነገርኩህ የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው።

አሠልጣኙ፦ ጋሼ፣ የመጨረሻውን ልበል፤ ይህ ከሁሉም ይከብደኛል። ዋግ በ1977ቱ ድርቅ ምን እንደሆነች ያውቃሉ። በቅርቡም ድርቅ ሳህላን፣ ዝቋላንና አበርገሌን መትቷል፤ በሰሜኑ ጦርነት ከቀያቸው ተፈናቅለው ሰቆጣ የተጠለሉ ሰዎች ነበሩ። በዚህ ሁሉ መሐል ስለ መረብና ስለ ሊግ ማውራት ቅንጦት አይመስልም? እናት ለልጇ ዱቄት ስትፈልግ እኔ ኳስ ስጡኝ ብዬ ቢሮ ስገባ አፍራለሁ።

መምህሩ፦ ማፈርህ ሰው መሆንህን ያሳያል፤ ነገር ግን ሁለቱን ጠላት አድርገህ አታቁማቸው። የቀበሌ ኳስ ከእርዳታ ስንዴ ላይ የሚነጥቀው የለም። ይልቅ አንዱ ሌላውን ይደግፋል። ቅዳሜ ሜዳ ዙሪያ እናቶችም አባቶችም ይሰበሰባሉ፤ ያን ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ ሕጻናት ምግብ ለመናገር በር ለበር መዞር አይኖርባትም፣ ሕዝቡ ራሱ መጥቶላታል። ከመጠለያ የመጣና የከተማው ልጅ በአንድ ማሊያ ሲሰለፉ ደግሞ ማን ተፈናቃይ እንደሆነ አይለይም። እኔ አሳፋሪ የምለው ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኝ ልጅ ኳስ ቢወድ ራሱ ተሰድዶ ዋና ከተማ ይግባ፣ ከቻለ ይታይ፣ ካልቻለ ይቅር የሚለው አሠራር ነው የሚያሳፍረው። መንደርና ሚሌቭስኮ የሌለው ልጅ እንዴት ብሎ ስፓርታ ፕራግ ይደርሳል? በመሐል ያለው መሰላል ከተሰበረ፣ ከመቶው የሚልቀው ልጅ እዚሁ በግ ሲጠብቅ ያረጃል፤ እኛም በየአሥር ዓመቱ አጥቂ ጠፋ እያልን እንጮኻለን።

አሠልጣኙ፦ እንግዲያው ከየት ልጀምር?

መምህሩ፦ ቋሚና መረብ ትከል፤ ለዚህ የወላጆች ኮሚቴ ይበቃል። ከዞኑ ስፖርት ቢሮ የምትጠይቀው አንድ ነገር ይሁን፤ የስድስት ወር የጨዋታ መርሐ ግብር፣ በማኅተም። ጤና ጣቢያ ሂድና የሕጻናቱን ክብደት የምትመዘግበውን ሠራተኛ ተዋወቃት፤ ሥራችሁ አንድ እንደሆነ ንገራት። የሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨር ይቀራል ያለው በ2022 ዓ.ም. ነው። ቃል ኪዳኑ በታወጀ ዓመት እዚህ የተወለደ ልጅ በዚያ ጊዜ 15 ዓመት ይሞላዋል፤ ክለቦች ለታዳጊ ቡድን አጥቂ የሚመለምሉበት ዕድሜ ነው።